ሁለት መቶ አሥራ አራት መስመሮች፦ ለውሾች መጠለያ ድጋፍ የማፈላለግ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

1ኛ ቀን

ከዛሬ ጀምሮ ለውሾች መጠለያችን የድጋፍ ገንዘብ የማፈላለጉን ሥራ ተረክቤአለሁ። ርክክቡ የተፈጸመው በአንድ ክላሰር ሲሆን በውስጡ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለተለያዩ ለጋሾች የተላኩ ሦስት ማመልከቻዎች ይገኛሉ፤ አንዱ «እናዝናለን» የሚል አጭር መልስ ያገኘ ሲሆን ሁለቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብለው ቀርተዋል። አከታትዬ ሳነባቸው ከለጋሹ ስምና ከቀኑ በስተቀር ቃል በቃል አንድ ሆነው አገኘኋቸው። ሦስቱም «በርካታ ውሾችን ከሥቃይ ታድገናል» ይላሉ፤ ስንት እንደሆኑ፣ ከታደግናቸው በኋላ የት እንደደረሱ፣ የተጠየቀውም ገንዘብ ምን እንደሚቀይር የሚናገር ዓረፍተ ነገር ግን የለባቸውም። ለጋሹ እኔ ብሆን ኖሮ እኔም መልስ ለመስጠት የምቸኩል አይመስለኝም።

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ክላሰር ብቻ እንዳይረከብ፣ ምን ተሞክሮ የት ላይ እንደተሰናከለም አብሮ እንዲያገኝ ነው።

3ኛ ቀን

ሁለት ቀን ሙሉ የለጋሾችን ስም ስሰበስብ ዋልኩ። በመጀመሪያ የሚመጡት ስሞች ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ናቸው፦ በ1994 የተቋቋመው ፔትስማርት ቻሪቲስ፣ ዴቭና ሼረል ዳፊልድ ማዲ በተባለች ውሻቸው ስም የመሠረቱት ማዲስ ፈንድ፣ እንዲሁም ፔትኮ ላቭ። ሦስቱም ለመጠለያዎችና ለእንስሳት አዳኝ ቡድኖች ገንዘብ የሚሰጡ ናቸው፤ ነገር ግን ድጋፋቸው በዋናነት ለሰሜን አሜሪካ ድርጅቶች ስለሆነ፣ ከዚያ ውጭ ላለ ቡድን ስማቸውን በዝርዝር ውስጥ መደርደር «ላም አለኝ በሰማይ» ከማለት አይለይም።

ሌላው ያሳሳተኝ ነገር የድርጅት ትልቅነት ነው። ስሙ የገነነ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት ሁሉ ለሌሎች ገንዘብ የሚያከፋፍል መስሎኝ ነበር። ለምሳሌ ዶሮቲ ብሩክ በ1934 በካይሮ በጀመሩት ሥራ ላይ የተገነባው ብሩክ የተባለው ድርጅት ትኩረቱ በሥራ ላይ ባሉ ፈረሶች፣ አህዮችና በቅሎዎች ላይ ነው፤ የውሻ መጠለያ ማመልከቻ ወደዚያ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ገንዘብ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ የሰበሰቡትንም የሚያውሉት በራሳቸው ፕሮግራም ወይም አስቀድመው በመረጧቸው አጋሮች በኩል ነው።

ስለዚህ ስም ማከማቸቱን ትቼ ለእያንዳንዱ ለጋሽ አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ጀመርኩ፦ በየትኛው አገር ላለ ድርጅት ይሰጣል? ለየትኛው እንስሳ? ለምን ዓይነት ወጪ? በምን ያህል ትልቅነት ላለ ቡድን? በ46 ስሞች የጀመረው ዝርዝር ከቀትር በኋላ ወደ 11 ወረደ። ስሞቹ ሲቀነሱ ሆዴ ቢባባም፣ 11 በደንብ የታሰበባቸው ደብዳቤዎች 46 ቅጂዎችን እንደሚያስከነዱ ክላሰሩ ራሱ ምስክር ነው።

5ኛ ቀን

ለጋሹ ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ገንዘቡን የት እንዳዋለ ማየት ይሻላል። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ 990-ፒኤፍ የተባለውን ቅጽ ሞልተው የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቅጹም ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። በውስጡ ፋውንዴሽኑ በዓመቱ ለማን፣ ምን ያህል፣ ለምን ዓላማ እንደሰጠ በዝርዝር ይገኛል። ከዚህም በላይ «አስቀድመን ለመረጥናቸው ድርጅቶች ብቻ እንሰጣለን፤ ያልጠየቅነውን ማመልከቻ አንቀበልም» የሚል አንድ ትንሽ ሣጥን አለች። ይህች ሣጥን ምልክት ተደርጎባት ከተገኘች ማመልከቻ መጻፍ ትርፉ ድካም ነው፤ ያለው መንገድ ከቦርዳቸው አባላት አንዱን የሚያውቅ ሰው መፈለግ ብቻ ነው።

ዛሬ የስድስት ፋውንዴሽኖችን የሦስት ሦስት ዓመት ቅጽ አነበብኩ። አንዱ በድረ ገጹ ላይ «ለእንስሳት ሁሉ» እንደሚሰጥ ጽፎ ሳለ፣ በሦስቱም ዓመታት ገንዘቡ የሄደው ለዱር እንስሳትና ለፈረሶች ብቻ ነበር። ሌላው ለውሾች መጠለያ ይሰጣል፤ ነገር ግን ትንሹ ስጦታው የእኛን የዓመት በጀት በአራት እጥፍ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለው ለጋሽ ለትንሽ ቡድን ትንሽ ገንዘብ መስጠት ለራሱም የማያዋጣ ሥራ ነው። ሁለቱ በሣጥኗ ላይ ምልክት ያደረጉ ናቸው። ሁለት ቀሩ።

እነዚህ ፋውንዴሽኖች ከ1969 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ሕግ መነሻነት በየዓመቱ ከኢንቨስትመንት ሀብታቸው 5 በመቶ ያህሉን ማከፋፈል ይጠበቅባቸዋል። ገንዘቡ ለአንዱ መሰጠቱ አይቀርም ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ለማኝ የመሆን ስሜቱ ቀለለኝ፤ እነሱም ተገቢውን ተቀባይ የማግኘት ሥራ አለባቸው።

ከአሜሪካ ውጭ ላለ ድርጅት ለመስጠት ሲፈልጉ ደግሞ ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው ተቀባዩ ከአሜሪካ የሕዝብ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር አቻ መሆኑን በሕግ ባለሙያ ማረጋገጥ ነው፤ ሁለተኛው ቅድመ ምርመራ አድርገው፣ ውል ተፈራርመው፣ ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ እንዲያዝና ሪፖርት እንዲቀርብ በማድረግ የወጪውን ኃላፊነት ራሳቸው መከታተል ነው። ሁለቱም አድካሚ ስለሆኑ ትንንሾቹ ፋውንዴሽኖች ይሸሹታል። በእንግሊዝና በዌልስ ያሉትን ለጋሾች ለመመርመር ደግሞ የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ መዝገብ ዓመታዊ ሒሳባቸውን በነፃ ያሳያል፤ ነገ በዚያ እቀጥላለሁ።

9ኛ ቀን

ከተመረጡት ለጋሾች የሰባቱን ቅጽ ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። የጋራ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ባለፈው ዓመት ስንት እንስሳት ገቡ፣ በምን ሁኔታ ወጡ? መልሱን ከኃላፊዋ ጠየቅሁ። «መዝገቡ እዚያ መደርደሪያ ላይ አለልህ፤ ሁለት መቶ ያህል ናቸው» አሉኝ። «ያህል» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ እንደምትነሳኝ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

10ኛ–12ኛ ቀን

መዝገቡ ጠርዙ የተበላ፣ ከሰባት በማያንሱ የእጅ ጽሑፎች የተሞላ ትልቅ ደብተር ነው። መስመሮቹን ቆጠርኩ፤ 214 ናቸው። ነገር ግን 214 መስመር 214 ውሻ አይደለም። በአንድ ወር ውስጥ ብቻ «ቡኒ፣ ሴት፣ የኋላ እግሯ የቆሰለ» የሚል ሦስት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁ፤ ሦስት ውሾች ይሁኑ አንዲት ውሻ ሦስት ጊዜ ተመዝግባ ይሁን ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። የገቡበት ቀን ተጽፎ የወጡበት ባዶ የሆነ 61 መስመር አለ። በአንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ «ሄደ» የሚል ቃል ብቻ ሰፍሯል። ወዴት ሄደ? ወደ አዲስ አሳዳጊ? ወደ ጎዳና? ወይስ ሞተ?

መፍትሔ የሆኑት የእንስሳቱ ተንከባካቢ ናቸው። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ እኔ መስመሩን እያነበብኩ፣ በስልክ ላይ የቀሩትን ፎቶዎች በቀናቸው እያስተያየን ሦስት ቀን ሠራን። «ይህቺ ያቺው ጆሮዋ የተሰነጠቀው ናት፤ ወስደዋት በአሥራ አምስት ቀን መለሷት» ይሉኛል፤ ፎቶውን ስናይ እውነትም ግራ ጆሮዋ ላይ ስንጥቁ አለ። ቡኒዎቹ ሦስት መስመሮች አንዲት ውሻ ሆኑ። «ሄደ» የተባለው ደግሞ አጥር ዘልሎ ያመለጠ ወጣት ውሻ ሲሆን በማግስቱ ባለቤቱ ቤት መገኘቱ ታወቀ። የሰው ትዝታ መዝገብ ሊሆን አይገባም፤ ሆኖም እኚህ ሰው ሥራ ለቀው ቢሆን ኖሮ የመጠለያው የአንድ ዓመት ታሪክ አብሯቸው ሄዶ ነበር።

ከዓመቱ መጀመሪያ በፊት የገቡትን ለብቻ አውጥቼ፣ የተደጋገሙትን አንድ አድርጌ ስጨርስ በዓመቱ የገቡት ውሾች 191 ሆኑ። ከእነዚህ 118 አዲስ አሳዳጊ አግኝተዋል፣ 17 ለባለቤታቸው ተመልሰዋል፣ 12 ወደ ሌላ መጠለያ ተዛውረዋል፣ 9 ሊድን በማይችል ሥቃይ ላይ ስለነበሩ በሐኪም ውሳኔ እንዲያርፉ ተደርገዋል፣ 11 በመጠለያው ውስጥ ሞተዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ 24 በእጃችን ነበሩ። ሁሉንም በኤክሴል አስገብቼ ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ የማይደገም ቁጥር ሰጠሁ። ከነገ ጀምሮ ቁጥር ሳይሰጠው የሚገባ ውሻ አይኖርም፤ ቁጥሩ በአንገቱ መታወቂያ ላይም ይጻፋል።

13ኛ ቀን

ለጋሾቹ የሚፈልጉት በሕይወት የመውጣት ምጣኔን ነው። ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር፤ ከአንድ መረጃ ግን ሦስት ቁጥር ወጣልኝ። በሕይወት የወጡት 147 ናቸው። በማንኛውም መንገድ ለወጡት ለ167ቱ ሲካፈል 88 በመቶ ይሆናል። በመጠለያው የሞቱትን 11 ከስሌቱ ካወጣን 94 በመቶ ይደርሳል። ለገቡት ለ191ዱ ካካፈልን ደግሞ ገና በእጃችን ያሉት እንደ ውድቀት ተቆጥረው 77 በመቶ ይሆናል።

አንድ የቦርድ አባላችን 94 እንዲጻፍ አጥብቀው ተከራከሩ፤ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አሉ። ቁጥሩን ማሳመር ያን ያህል ከባድ እንዳልሆነ እኔም አየሁ። ነገር ግን የአሜሪካ መጠለያዎች ተወካዮች በ2004 አሲሎማር በተባለው ቦታ ተሰብስበው አንድ ወጥ የቁጥር አያያዝ ስምምነት ያወጡት እንዲህ ያለው የየራስ አቆጣጠር መጠለያዎችን ማነጻጸር ስላስቸገረ ነው፤ ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎችም ይህን ጨዋታ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ 88 ብለን ጽፈን፣ አካፋዩ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጸን፣ የ11ዱንም ሞት ምክንያት ከሥሩ ለማስፈር ተስማማን። የቦርድ አባሉ በቃለ ጉባኤው ላይ ልዩነታቸውን አስመዝግበዋል።

የሞቱትን ምክንያት ስፈልግ ያገኘሁት ነገር ከማመልከቻው ይበልጣል። ከ11ዱ 7ቱ ፓርቮ በተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ የሞቱ ቡችሎች ናቸው። የክትባት ካርዳቸው እንደሚያሳየው ሰባቱም የተከተቡት ከገቡ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ሐኪሙ እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር። በመጠለያ ሕክምና የታወቀው ደንብ ቡችላ እንደገባ ወዲያውኑ፣ ከሌሎች ጋር ከመቀላቀሉ በፊት እንዲከተብ ያዛል። ሐኪሙ ዛሬውኑ ለሁለት ሠራተኞች ክትባት አሰጣጥን አሠልጥነዋል። ይህን ለማስተካከል የማንም ድጋፍ አላስፈለገም፤ ለሰባቱ ቡችሎች ግን ዘግይቷል።

17ኛ ቀን

ያልታሰበ ነገር መጣ። አንድ ለጋሽ በሰው በኩል ሃያ ተጨማሪ የውሻ ክፍሎች ሊያሠራልን እንደሚፈልግ አሳወቀ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ኃላፊዋ ግን ጥቂት ዝም ብለው «ቤቱን እነሱ ይሠሩልናል፤ ጠራጊውንስ?» አሉ። ቅር እያለኝ ወደ ስሌቱ ገባሁ።

በመጠለያዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት አነስተኛ መለኪያ ለአንድ እንስሳ ለጽዳትና ለምግብ ብቻ በቀን 15 ደቂቃ መመደብ እንዳለበት ይናገራል። አሁን ላሉን 24 ውሾች ይህ በቀን 6 ሰዓት ነው። ሃያ ሲጨመሩ ሌላ 5 ሰዓት፣ ማለትም ከግማሽ የሚበልጥ የአንድ ሠራተኛ የሥራ ቀን ይጠይቃል፤ ለጋሹ ደግሞ ለደመወዝ አይሰጥም። በዚህ ላይ ምግብ፣ ክትባትና ሕክምና አለ። የመጠለያ ሐኪሞች «የመንከባከብ አቅም» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አቅም የሚለካው በክፍሎች ብዛት ሳይሆን በሚገባ ሊያዙ በሚችሉ እንስሳት ቁጥር ነው።

ቀጥዬ ከአዲሱ ኤክሴል የቆይታ ጊዜን አወጣሁ። በዓመት 191 ውሻ ማለት በየሁለት ቀኑ አንድ ውሻ ገደማ ማለት ነው፤ በአማካይ አንድ ውሻ 46 ቀን ይቆያል። ሁለቱ ሲባዙ 24 ይሆናሉ፤ ይህም በዓመቱ መጨረሻ ከቆጠርነው ጋር ይገጥማል። ቆይታው ወደ 35 ቀን ቢወርድ በአንድ ጊዜ የሚኖሩን ውሾች 18 ብቻ ይሆናሉ። አንድ ጡብ ሳይጣል ስድስት ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን 46 ቀን ይቆያሉ? ሐኪሙ በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ በአንድ ጊዜ አራት ውሾችን ያመክናሉ፤ በዓመት 104 ናቸው። አሳዳጊ ያገኙት 118 ናቸው። ውሻ ሳይመክን እንዳይወጣ የሚል ደንብ ስላለን አሳዳጊ ተገኝቶላቸው ተራ የሚጠብቁ ሁልጊዜ አሉ። ቀሪዎቹ 14 አሳዳጊዎቻቸው «በራሳችን እናስመክናለን» ብለው በቃል ተስማምተው የወሰዷቸው ናቸው፤ ቃሉን የጠበቀው ስንቱ እንደሆነ አልተመዘገበም። እንግዲህ የጎደለን ክፍል ሳይሆን የሐኪም ቀን ነው። ከአሥራ ሰባት ቀን በፊት ይህን ብጠየቅ ያለ ጥርጥር «ክፍል» ብዬ እመልስ ነበር።

ለጋሹን አመስግነን ስሌቱን አሳየናቸው፤ ገንዘባቸውን ወደ ሐኪም ቀን ያዛውሩልን እንደሆነም ጠየቅን። ስማቸው የሚጻፍበት ግድግዳ ስለሚፈልጉ አልተስማሙም። በሰላም ተለያየን። እውነቱን ለመናገር ማታ ላይ ትንሽ ቆጭቶኛል።

22ኛ ቀን

ከዝርዝሩ አንዱ ለጋሽ የሚሰጠው ለሕዝብ ጤና ስለሆነ የእብድ ውሻ በሽታን መግቢያ ለማድረግ አሰብኩ። ጉዳዩ ከባድ ነው፦ በሽታው በዓለም ዙሪያ በዓመት 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ አማካይነት ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትና አጋሮቹም በውሻ የሚተላለፈውን ሞት እስከ 2030 ድረስ ዜሮ ለማድረስ ግብ አስቀምጠዋል። ነገር ግን ሥርጭቱን ለመቁረጥ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው። በዓመት 191 ውሾችን የሚቀበል መጠለያ ይህን አደርጋለሁ ብሎ ቢጽፍ ውሃ የሚያነሳ ነገር አይሆንም። ቃሉን አጋንኜ ከመጻፍ ይልቅ፣ ዘመቻውን የሚመራ የጤና ወይም የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ሲያመለክት እንደ አጋር ብንገባ ይሻላል ብዬ ለጋሹን ከዝርዝሩ ሰረዝኩት።

26ኛ ቀን

በጀት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሐኪሙ በየሁለት ሳምንቱ መምጣታቸው ቀርቶ በየሳምንቱ አንድ ቀን እንዲመጡ፤ ማምከኑ በዓመት ከ104 ወደ 208 እንዲያድግ።

በጀቱን በመጀመሪያ የሠራሁት የሐኪሙን ክፍያ ብቻ ይዤ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው ሳቁ። ማደንዘዣው፣ ጓንቱና መስፊያ ክሩ፣ የመሣሪያ መቀቀያው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ፣ ውሾቹ እስኪነቁ የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ መዝገቡን የሚይዝ ሰው ሁሉ ቀርተዋል። «ያለ ማደንዘዣ ላመክን ነው?» አሉኝ። ሲስተካከል በጀቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው።

የአስተዳደር ወጪን በተመለከተ ብዙ ትንንሽ ቡድኖች ዜሮ ጽፈው ቆጣቢ ለመምሰል ይሞክራሉ፤ እኛም ከዚህ በፊት እንዲሁ አድርገናል። የሒሳብ ሠራተኛና መብራት የሌለው መጠለያ ግን የለም፤ ለጋሹ የሚፈቅደውን ጣሪያ አይቶ በግልጽ ማስፈር ይገባል። ሌላው ጥንቃቄ የአከፋፈሉ ሁኔታ ነው። ከሰባቱ ለጋሾች ሁለቱ የሚከፍሉት ወጪው ከወጣ በኋላ በደረሰኝ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር መጠለያ ይህ ብድር መግባት ማለት ስለሆነ ሁለቱን ወደ ሌላ ጊዜ አስተላልፌአለሁ። አንዱ ደግሞ ተጓዳኝ መዋጮ፣ ማለትም ከእሱ ገንዘብ ጎን እኛም ድርሻችንን እንድናዋጣ ይጠይቃል፤ የበጎ ፈቃደኞችን ሰዓት እንደ መዋጮ ስለሚቀበል ከዛሬ ጀምሮ የመግቢያና የመውጫ ፊርማ የሚይዝ ወረቀት በሩ ላይ ሰቅያለሁ።

31ኛ ቀን

የመጠየቂያ ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ አራት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ረቂቅ «መጠለያችን ለዓመታት ድምፅ ለሌላቸው ፍጥረታት ድምፅ በመሆን...» ብሎ ይጀምር ነበር፤ ይህን ሐረግ ከክላሰሩ መቅዳቴን ያስተዋልኩት ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ባለፈው ዓመት 191 ውሾችን ተቀብለናል። ማምከን የምንችለው በዓመት 104 ብቻ ስለሆነ አሳዳጊ የተገኘላቸው ውሾች ተራ ሲጠብቁ ይቆያሉ፤ አማካይ ቆይታቸውም 46 ቀን ደርሷል። የሐኪሙን ቀን እጥፍ በማድረግ ይህን ቆይታ በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ወደ 35 ቀን ለማውረድ ድጋፋችሁን እንጠይቃለን።» የሚያስለቅስ ቃል የለበትም። ፎቶ ግን አያይዣለሁ፤ ጆሮዋ የተሰነጠቀችውን።

34ኛ ቀን

ለአምስት ለጋሾች ተላከ። የአንዱ ማብቂያ ሰዓት በለጋሹ አገር አቆጣጠር መሆኑን በመጨረሻው ቀን ስላየሁ ሌሊት መነሣት ግድ ሆነብኝ። በሌላው ለጋሽ ፖርታል፣ ማለትም ማመልከቻው በሚሞላበት ድረ ገጽ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሣጥን የፊደል ገደብ አለው፤ ክፍት ቦታንም ይቆጥራል፤ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ይቆርጣል። ከላክሁ በኋላ የመጣልኝን ቅጂ ስከፍት የመጨረሻው አንቀጽ «ስለዚህ የምንጠይቀው» ብሎ እዚያው ላይ አብቅቷል። አፌን በእጄ ይዤ ቀረሁ። ለለጋሹ ወዲያውኑ በትሕትና ጻፍኩ፤ በማግስቱ ከፍተውልኝ አስተካከልኩ። ከዚህ በኋላ ጽሑፉ በሌላ ፋይል ተቆጥሮ ሳያልቅ ወደ ፖርታል አይገባም።

58ኛ ቀን

ሁለት እምቢታ መጣ። በቀድሞው ልማድ ወደ ክላሰሩ ይገቡ ነበር፤ ይልቅ ለሁለቱም አመስግኜ፣ ጊዜ ካላቸው የውሳኔውን ምክንያት እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ። አንደኛው አልመለሰም። የሁለተኛው ባለሙያ ግን ሃያ ደቂቃ በስልክ አነጋገሩኝ። ሐሳቡን ወደውታል፤ ያሳሰባቸው ከማመልከቻው ጋር ያያዝነው የሒሳብ ሪፖርት ነው። ገንዘብ የሚያዙት፣ ቼክ የሚፈርሙትና የባንክ መግለጫውን የሚያመሳክሩት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ኃላፊዋ ናቸው። ማንም ሌባ ነው ያለ የለም፤ ግን ነገ አንድ ጥያቄ ቢነሣ ኃላፊዋን ነፃ የሚያወጣ አሠራር የለም።

ይህን ለእሳቸው መንገር ከሁሉም ከበደኝ። መጠለያውን ከምንም ተነሥተው እዚህ ያደረሱት እሳቸው ናቸውና። ነገሩን ስጨርስ ግን «እኔስ ብቻዬን መፈረም መቼ ወደድኩ፤ ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው» አሉ። በሳምንቱ ውስጥ ቦርዱ ወሰነ፦ ቼክ በሁለት ፊርማ፣ የባንክ ማመሳከሪያው ደግሞ ፈራሚ ባልሆነ የቦርድ አባል። እንዲህ ያለው ኃላፊነት የወደቀው 94 በመቶ ይጻፍ ባሉት አባል ላይ ነው፤ ሥራውንም በሚያስመሰግን ጥንቃቄ እየሠሩ ነው።

71ኛ ቀን

ከአምስቱ ውጭ የሆነ አንድ ለጋሽ ገንዘብ የለኝም፣ የቡችላ ክትባት ግን በዓይነት ልስጥ አለ። ከመቀበላችን በፊት ሁለት ነገር ጠየቅን፦ የሚያበቃበት ቀንና ማጓጓዣው ቅዝቃዜውን እንዴት እንደሚጠብቅ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ የእኛ ማቀዝቀዣ ግን ቴርሞሜትር እንኳ አልነበረውም። ቴርሞሜትር አስገብተን ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ስንመዘግብ በሁለት ሌሊቶች እስከ 1 ዲግሪ ወርዶ አገኘነው፤ ክትባት ከሞቀ እንደሚበላሸው ሁሉ ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘም ይበላሻል የሚለውን ብዙ ሰው አያስብም። መቆጣጠሪያው ተስተካክሎ ሳምንቱን ሙሉ በ4 እና በ5 መካከል ከቆየ በኋላ ነው «ላኩልን» ያልነው። የሚያበቃበት ቀንም ሰባት ወር ስለቀረው እንጠቀምበታለን፤ ሁለት ወር ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን የምንጥለው ነበር።

96ኛ ቀን

ከአምስቱ አንዱ እሺ አለ፤ ነገር ግን የጠየቅነውን ግማሽ ነው የፈቀደው። ከመፈራረማችን በፊት በግማሹ ምን እንደምንሠራ ጠየቁን። በቀድሞው ግብ ላይ ተጣብቀን በግማሽ ገንዘብ ሙሉውን እንሠራለን ብንል የማንፈጽመው ቃል ይሆናል። ለስድስት ወር፣ ማለትም ለ26 ሳምንታት፣ በየሳምንቱ አንድ የሐኪም ቀን ለማድረግ፣ የቆይታውን አማካይ በየወሩ ለማሳወቅ፣ 35 ቀን ግን በስድስት ወር ውስጥ እንደማይደረስ በግልጽ ጻፍን። በ40 ተስማማን።

የውሉን ወረቀት ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር መስመር በመስመር አነበብነው። ገንዘቡ ለዚህ ሥራ ብቻ ይውላል፤ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የራሱ ኮድ ይኖረዋል፤ ከአንዱ የበጀት መስመር ወደ ሌላው ከ10 በመቶ በላይ ለማዛወር የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያልተጠቀምንበት ይመለሳል። የመጀመሪያው ሪፖርት በሦስተኛው ወር መጨረሻ ነው፤ ቀኑን በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ እንዲያስታውሰን አድርጌ ጽፌአለሁ።

103ኛ ቀን

ሐኪሙ ዛሬ በአዲሱ ፕሮግራም የመጀመሪያ ቀናቸውን ሠርተዋል። አራት ውሾች ቀዶ ሕክምና አድርገው ከቀትር በኋላ ነቅተዋል፤ ከአራቱ ሦስቱን አሳዳጊዎቻቸው ከነገ ወዲያ ይወስዷቸዋል። በኤክሴሉ ላይ «አሳዳጊ የተገኘበት ቀን» እና «የመከነበት ቀን» የሚሉ ሁለት አዲስ ዓምዶች ጨምሬ የአራቱን ሞላሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ ሪፖርቱ የሚወጣው ከእነዚህ ሁለት ዓምዶች ልዩነት ነው። መልስ ያልሰጡት ሁለት ለጋሾች የቦርድ ስብሰባቸው በሚቀጥለው ወር ስለሆነ ደብዳቤያቸውን በአዲሱ ቁጥር አስተካክዬ እልካለሁ።